የፋርማሲ ባለሙያዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ እንዴት ይጠራል?

ቀኑን ከሰኔ መጨረሻ አርቁት። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያሉ የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲዎች ቆጠራ ላይ ናቸው፤ የመጣውም ሰው ልቡ መጋዘን ነው።

ከጥሪው በፊት የአባላት መዝገብ ይጥራ። ምልአተ ጉባኤ (ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው ብዛት) ሃምሳ በመቶ ሲደመር አንድ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከማን ላይ ይሰላል? 120 ተመዝግበው መዋጮ የከፈሉት 70 ቢሆኑ፣ በአንዱ ስሌት 61፣ በሌላው 36 ሰው ይበቃል። መተዳደሪያ ደንቡ ይህን ካልለየ ጠቡ ምርጫው ካለቀ በኋላ ይመጣል፤ የተሸነፈው ወገን መጀመሪያ የሚመዘው ይህንኑ ነው። ከሞጣና ከቢቸና ተረኛ ሆነው ለሚቀሩ ውክልና የሚፈቀድ ከሆነም፣ አንድ ሰው ስንት ድምፅ እንደሚይዝ ይጻፍ።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር ግን የሚመዘገበው በክልሉ ነው።

ገንዘብ ያዥ ሲቀየር ቃለ ጉባኤው የወራጁንና የተተኪውን ስም እስከ አያት፣ የባንክ ሒሳቡ ፊርማ በጣምራ መሆኑንና ማኅተሙን ይያዝ። የአያት ስም ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ባንኩ ይመልሰዋል።

መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ምሳ ከጋበዘ ይመዝገብ፤ በድርጅቱ ጥቅም ያለው አባል ድርጅቱን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ድምፅ አይስጥ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴውም ልኩን ይወቅ፦ ከአባልነት ያግዳል እንጂ የሙያ ፈቃድ አይነጥቅም፤ ያ የጤና ተቆጣጣሪው ሥልጣን ነው።