ልጆቹ እንዲጽፉና እንዲስሉ ከፈለጋችሁ ርዕሱን አሳንሱት

"ስለ ሰላም ግጥም ጻፉ" ይባላሉ። 30 ልጅ ካለ 30 ርግብ ትመጣለች። ከዚያ "የዘንድሮ ልጅ ፈጠራ የለውም" ብለን እናማቸዋለን። ፈጠራማ አላቸው! የሰጠናቸው ርዕስ ነው የሚጨበጥ ነገር የሌለው። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ወይም ሚኒ ሚዲያ የምትይዙ፣ ወይም ቤታችሁ ጎረምሳ ያለ፣ እስቲ በዚህ መንገድ ሞክሩት።

በእንቆቅልሽ ጀምሩ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይፈራውም። መጀመሪያ የሚያውቁትን ይጠያየቁ፣ ያልመለሰው "አገር ስጠኝ" ይባል፣ ይሳቁ። ከዚያ አዲስ ይፍጠሩ፣ ግን ዛሬ መንገድ ላይ ካዩት ነገር ብቻ። ለምሳሌ "ቀኑን ሙሉ በር ይከፍታል፣ ቤት ግን አይገባም"። የታክሲ ረዳት! ልጁ እዚህ ሲደርስ ቶሎ ብላችሁ አታጨብጭቡ። "ረዳቱ ማታ ቤቱ ሲደርስ ማን ይከፍትለታል?" ብላችሁ ጠይቁት። አጭር ልብ ወለዱ እዚያ ላይ ይጀምራል።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ጥንት ያውቁታል። ጀማሪን መወድስ ቁጠር፣ ማለትም ድረስ፣ አይሉትም፤ መወድስ 8 ቤት (መስመር) ያለው ረጅም የቅኔ ዓይነት ነው። የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፣ 2 ቤት ብቻ። ተማሪው ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ልብ በሉ፣ ሲቆጥር ማንም አናቱ ላይ አይቆምም። እኛ ግን ልጁ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲጽፍ "ይቺ ፊደል ተሳስታለች" ብለን ዘው እንላለን። እባካችሁ ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። 2 መስመር እንዲጽፉ ስጧቸው፣ 20 ደቂቃ ብቻቸውን ተዉአቸው፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡ። የሚያዳምጡት ደግሞ መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱ፤ የትኛው ቃል ጆሯቸው ላይ እንደቀረ። ፊደሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል፣ የትም አይሄድም።

ሥዕልም ላይ ያው ነው። ቀለም የለንም ብላችሁ አትተዉት። ከሰልና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል፣ እንዲያውም ቡናማው ወረቀት ላይ ከሰል ያምራል። ጀበና መሐል ላይ አስቀምጡና "ጀበናዋን እንዳትስሉ" በሏቸው። በእጀታዋና በአንገቷ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሳሉ፣ ቀጥሎ ዙሪያዋን ያለውን። ጀበና ምን እንደምትመስል ሁሉም አውቃለሁ ስለሚል ሳያያት ነው የሚስላት። የባዶ ቦታውን ቅርጽ ግን በቃሉ የሚያውቅ የለም፣ ማየት የግድ ነው። "እኔ መሳል አልችልም" የሚል ልጅ ካለ ይህን አስቀድማችሁ ስጡት።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አሳዩአቸው። ሁሉንም ለማዳረስ ግን አትሩጡ። አንድ ሥዕል ፊት ሩብ ሰዓት ቁጭ በሉ፣ "ምን ማለት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ይታያችኋል?" በሉ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ደግሞ መጽሐፉን ልጁ ራሱ ይምረጥ። 30 ገጽ አንብቦ ካልጣመው ይመልሰው፤ በግድ ያስጨረስነው መጽሐፍ የሚቀጥለውን ያስጠላል።

ሙዚየም በሌለበት ከተማ አያት አለች። ተረቷን በስልክ ይቅዱ፣ ከዚያ ያንኑ ተረት በጅቡ አፍ ይተርኩት። ሁሌ ሞኝ ተደርጎ የሚቀርበው ጅብ ምን ይላል? ለአያትየው መልሰው ያንብቡላት፣ የምትጨምረው ነገር አታጣም።

በመጨረሻ ሥራቸው ይታይ። 10 ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ በስቴፕለር ያዙት፣ የእያንዳንዱ ስም ይጻፍበት። አንደኛ፣ ሁለተኛ ብላችሁ ግን አትሸልሙ፤ በዚህ ዕድሜ ሦስት ልጅ ተሸልሞ ቀሪው ብዕሩን ይሰቅላል። ሰው ፊት ማንበብ የሚያፍር ካለ፣ እሱ የመረጠው ጓደኛው ያንብብለት።