ቼሳፒክ ቤይን በነጭ ክዳንና በገመድ እንዴት ማየት እንደሚቻል

ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ሰመር ሲመጣ ልጆቹን ይዘን ቼሳፒክ ቤይ ዳር ያለው ሳንዲ ፖይንት ፓርክ እንሄዳለን፣ ስጋ እንጠብሳለን፣ ልጆቹ ውሃ ገብተው ይጫወታሉ፣ ሲመሽ እንመለሳለን። እኔም ስንት ዓመት ውሃውን "ባሕር" ነበር የምለው። እናቴ ለጥየቃ መጥታ እጇን ነክራ ጫፉን ቀመስ አደረገችና "ይኼ እኮ ጨው አለውም የለውምም" አለችኝ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ያደገች ሰው ስለሆነች ውሃ ታውቃለች። ልክ ናት፣ ኤስቹዌሪ የሚባለው ይኸው ነው፣ የወንዝ ውሃና የውቅያኖስ ውሃ የሚቀላቀሉበት። ቼሳፒክ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ነው፣ ርዝመቱ 320 ኪሎሜትር ገደማ ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የተጣለበትን ነገር ሁሉ ቶሎ ይሰማዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይህን ለልጆቹ አሳዩአቸው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨው አሟሙና የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ ከዛ ማንኪያ ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ ንጹህ ውሃ በጣም ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ቀለሙ ከታች ይቀራል፣ ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ። ቤዩም ሰመር ላይ እንደዚሁ ይደራረባል፣ የላዩ አየር ያገኛል፣ የታቹ ግን አያገኝም። ከእርሻና ከግቢ ሳር የሚታጠበው ማዳበሪያ አልጌውን (ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር) ያበዛዋል፣ አልጌው ሞቶ ታች ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ አሳና ሸርጣን የሚታፈነው በዚህ ነው።

አሁን ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ወደምንለካበት መሣሪያ። የባልዲ ነጭ ክዳን ውሰዱ፣ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ መሃሉን ብሱና ገመድ አስገቡ፣ ከስር ድንጋይ ወይም ብረት እሰሩ እንዳይንሳፈፍ፣ ገመዱን በየ10 ሴንቲሜትሩ በማርከር ምልክት አድርጉ፣ አለቀ። ውሃው ጠለቅ ካለበት ጠርዝ ላይ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉና በጥላችሁ በኩል ቀስ ብላችሁ ልቀቁት (ልጅ ጠርዝ ላይ ብቻውን እንዳይጎነበስ)። ክዳኑ የጠፋበትን ምልክት ያዙ፣ መልሳችሁ ስባችሁ ብቅ ያለበትንም ያዙ፣ የሁለቱ መሃል ነው ልኩ። ጥርት ካለ ብርሃን ታች ይደርሳል፣ የውሃ ውስጥ ሳሩ ይበቅላል፣ ትንንሽ ሸርጣንና የአሳ ጫጩት የሚደበቀው እዛ ሳር ውስጥ ነው። ድፍርስ ከሆነ ሳሩ የለም፣ መደበቂያም የለም።

የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር የነበሩት በርኒ ፋውለር ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ነው ያደረጉት። በ1950ዎቹ ቤዩ ውስጥ በሚገባው ፓተክሰንት ወንዝ ውስጥ እስከ ደረታቸው ገብተው ነጭ ስኒከራቸው ይታያቸው ነበር፣ በኋላ መታየቱ ሲቀር ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሰው ይዘው እየገቡ ጫማቸው የሚጠፋበትን ጥልቀት ይለኩ ነበር። እኔ ይህን ሰውዬ በጣም ነው የማከብራቸው።

ዳር ዳሩን ስትሄዱ የኦይስተር (ዛጎል ውስጥ የሚኖር የውሃ እንስሳ) ዛጎል ታገኛላችሁ፣ አንዱን አንስታችሁ እዩት፣ ውጭው ሻካራ፣ ውስጡ ልስልስ ነው። ብዙዎቻችን በሃይማኖት ምክንያት ኦይስተርም ሸርጣንም ስለማንበላ የማያገባን ይመስለናል፣ ግን አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል፣ ዛሬ የቀረው ደግሞ ከድሮው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አትላንቲክ ዳር የሚያዘው ሮክፊሽ የሚባለው አሳም አብዛኛው የሚራባው እዚሁ ቤይና ወንዞቹ ውስጥ ነው።

ጥንቃቄ፦ ከባድ ዝናብ ከጣለ 48 ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹን ውሃ አታስገቡ፣ ከመንገድና ከቱቦ የታጠበ ቆሻሻ ስለሚኖር። ቁስል ያለበት ሰውም አይግባ፣ ሞቃት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል አደገኛ ባክቴሪያ አለ። ቅዳሜና እሁድ ፓርኩ ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፣ ዎክ የምናደርግበት ስላይጎ ክሪክ አናኮስቲያ ይገባል፣ አናኮስቲያ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ቤዩ ውስጥ። ስለዚህ መኪና ስታጥቡ ሳሙናው መንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ቱቦ እንዳይወርድ ሳር ላይ እጠቡ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግቢያችሁ ላይ ማዳበሪያ አትበትኑ። የለካችሁትን ቁጥር፣ ቀኑንና ዝናብ መጣሉን አለመጣሉን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ መስከረም ላይ እዛው ቦታ ተመልሳችሁ በዛው ክዳን ለኩ።