የታላቁ ቆስጠንጢኖስንና የልጆቹን የነሐስ ሳንቲሞች እንዴት መለየት ይቻላል

ከጥንታዊ የሮማ የነሐስ ሳንቲሞች ጀማሪን በብዛት የሚያሳስቱት የእሌኒ ልጅ የታላቁ ቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ናቸው። ለንጽጽር የሚመቸው ዓይነት በአንድ ገጹ የገዢው ራስ፣ በሌላው ደግሞ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወታደሮች ከነሰንደቃቸው የሚታዩበትና «የሠራዊቱ ክብር» የሚል የላቲን ጽሑፍ ያለበት ነው።

አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛንና ከጎን የሚበራ መብራት ይበቃሉ። ሳንቲሙን በዲስቲልድ ውሃ መዘፍዘፍ እንጂ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈተግ አይገባም፤ የፊደላቱ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ተጠብቆ የሚቆየው በአረንጓዴው ሽፋን ላይ ስለሆነ ሽፋኑ ሲነሣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

በመጀመሪያ በወታደሮቹ መካከል ያሉት ሰንደቆች ይቆጠሩ። ሁለት ከሆኑ ሳንቲሙ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 335፣ አንድ ከሆነ ደግሞ ከ335 በኋላ የተመታ ነው። መካከሉ ከተፋቀ ሚዛኑ ይረዳል፤ የመጀመሪያው ወደ 2.5 ግራም፣ ሁለተኛው ወደ 1.5 ግራም ይጠጋል።

ከባዱ ሥራ ስሙን ማንበብ ነው። የቆስጠንጢኖስ (የአባትየውም፣ በስሙ የተጠራው የልጁ የታናሹ ቆስጠንጢኖስም)፣ የሌሎቹ ሁለት ልጆች የቆስጠንጢዮስና የቆንስጣንስ ስሞች በላቲን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ፊደላት ይጋራሉ። ቆንስጣንስ ከሰባቱ በኋላ በአንዲት ፊደል ስለሚያልቅ አያስቸግርም። የቀሩት ሁለቱ ግን እስከ ዘጠነኛው ፊደል ድረስ አንድ ሆነው ሄደው በአሥረኛው ይለያያሉ፤ ቆስጠንጢኖስ ኤን፣ ቆስጠንጢዮስ ቪ አለው፤ የኤን አንዱ ቋሚ መስመር ሲፋቅ ደግሞ የቀረው ቅርጽ ቪ ይመስላል። ስለዚህ በፊደሏ መልክ ከመፍረድ ይልቅ መቁጠር ይሻላል፤ የቆስጠንጢኖስ ስም አሥራ ሁለት፣ የቆስጠንጢዮስ አሥራ አንድ ፊደል ነው። መጨረሻው ከጠፋ መነሻው ይታይ፤ ቆስጠንጢዮስ ቄሣር (ከዋናው ንጉሠ ነገሥት ከአውግስጦስ በታች ያለ ገዢ) ሳለ በስሙ ፊት «ፍላቪዮስ ዩልዮስ» በአጭሩ ይጻፋል፣ ታናሹ ቆስጠንጢኖስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ በስሙ ይጀምራል። (ስለ ፍሬምናጦስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ይኸው ቆስጠንጢዮስ ነው።)

በፊት ገጽታ መለየት ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ፤ ቀራጮቹ ለአባትም ለልጅም ተመሳሳይ መልክ ይሰጡ ነበር፤ በስልክ ፎቶ ሳንቲም እንለያለን የሚሉ መተግበሪያዎችንም የማላምነው በዚሁ ምክንያት ነው። የራስ ጌጡና ማዕረጉ ይሻላሉ፤ አባትየው በአብዛኛው ያጌጠ የራስ ማሰሪያ አድርጎ «አውግስጦስ» ሲባል፣ ልጆቹ የቅጠል አክሊል ደፍተው «ክቡር ቄሣር» ይባላሉ። ይሁን እንጂ በ337 አባታቸው ከሞተ በኋላ ሦስቱም አውግስጦስ ስለሆኑ፣ አንድ ሰንደቅ ባለው ሳንቲም ላይ ማዕረጉ ብቻውን አባትን ከልጅ አይለይም።

በመጨረሻ ከወታደሮቹ እግር በታች፣ ከመስመሩ ሥር፣ የተመታበት ከተማ ምልክት ይነበባል፤ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤን አንጾኪያ፣ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤል እስክንድርያ ነው። ሁለቱን የምትለየው አራተኛዋ ፊደል ብቻ ስለሆነች፣ እርሷ ካልታየች የተነበቡትን ፊደላት ብቻ መዝግቦ የከተማውን ስም ባዶ መተው ይገባል።