ሳማ፣ ጦስኝ፣ ቀጋና አጋም፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የዱር ምግብ አለቃቀም

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው አቀበትና ቁልቁለት፣ የየካ ተራራ ጥጋጥግ፣ የወጨጫ ግርጌና በሆለታ በኩል ያለው የገበሬ አጥር በዓመቱ ውስጥ የሚበላ ነገር የማይታጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ሳማው፣ ጦስኙ፣ ቀጋው፣ እንጆሪውና አጋሙ በየተራ ይደርሳሉ፤ እረኛው ሁሉንም በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ከተሜው ግን በመኪና መስኮት እያየ ያልፋቸዋል። እዚህ የማነሣቸው ተክሎች ሆን ብዬ ጥቂት አድርጌአቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት አምስት ተክል አጥርቶ መለየት ሃያውን በግምት ከማወቅ ይሻላልና።

የምመክረው አካሄድ አንድ ነው፤ ተክሉን በአንድ ወቅት ይወቁት፣ በሌላው ወቅት ይብሉት። ፍሬ ብቻውን ያታልላል፤ አበባውን፣ እሾሁን፣ ቅጠሉን፣ ሲቆረጥ የሚያወጣውን ፈሳሽ አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ፍሬው ሲበስል ወደዚያው ቁጥቋጦ ያለ ጥርጥር ይመለሳል። ለዚህ የቆየው የአገራችን የወቅት አቆጣጠር ይመቻል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ በልግ ደግሞ እስከ ሰኔ 25 ነው። በዳርቻው የሚኖረው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ በመሆኑ ሳማን ዶቢ፣ አጋምን ሃጋምሳ፣ እንጆሪን ጎራ ብሎ ለመጠየቅ መቻል ከማንኛውም ሥዕላዊ መጽሐፍ ይልቅ ይረዳል።

ጀማሪ በክረምት ቢጀምር ይሻለዋል፣ የክረምቱም ምግብ ሳማ ነው። ኡርቲካ ሲሜንሲስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ይህ ዝርያ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም፤ እኛ ዘንድ ግን ከድንጋይ ካብ ሥር፣ ከበረት አጠገብና ፍግ ከተጣለበት ቦታ ሁሉ አይታጣም። ከማንም ጋር የማይምታታው ራሱ ስለሚናገር ነው፤ የነካውን ይለበልባል። የሚለቀመው ገና አበባ ያልያዘው፣ ከጫፉ ያለው ለጋ ቅጠል ብቻ ነው፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይሻክራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

አለቃቀሙን ያስተማሩኝ በሱሉልታ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። እኔ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቄ ስታገል፣ እሳቸው ግራ እጃቸውን በድርብ ፌስታል ጠቅልለው የተክሉን አናት ከሥር ወደ ላይ ጨበጥ ያደርጉና በቀኝ እጃቸው በመቀስ ቀንጠስ ያደርጉታል፤ ቀጥሎ ፌስታሉን ገልብጠው ሳማውን እዚያው ውስጥ ያስቀሩታል። «እማማ፣ አይለበልብዎትም?» ብላቸው «ልጄ፣ ፈራ ተባ ያለውን ነው የሚይዘው» አሉኝ። እውነትም የሚለበልቡት ጥቃቅን ፀጉሮች በስሱ ሲነኩ ነው የሚወጉት። ከተወጉ ግን የሰፈር ልጆች እንደሚያደርጉት የቱልት ቅጠል አሽቶ ማሸት የተለመደ ነው።

የሳማ ወጥ ለመሥራት አንድ ሙሉ ዘንቢል ቅጠል ያስፈልጋል፤ ሲበስል አንድ ጎድጓዳ ሳህን አይሞላምና። ቅጠሉን በማንኪያ እያገላበጡ በብዙ ውኃ ይጠቡ፤ በጥቂት የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምረው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያብስሉ፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ የመለብለብ ኃይሉ ይጠፋል። ከዚያ በማማሰያ እየመቱ ያላሙትና በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ የባቄላ ወይም የተቆላ ገብስ ዱቄት እየጨመሩ ያማስሉ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ዘይት ይግባበት፣ ቃሪያ ከላይ ይቆረጥበት። ሳማው ለጋ የሚሆንበት ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር መገጣጠሙ ለጿሚ ቤት መልካም አጋጣሚ ነው።

ሆኖም ክረምት ገበሬው ስንዴና ጤፉ ላይ ቱፎርዲ የተባለውን የአረም ማጥፊያ የሚረጭበት ወቅት ስለሆነ ከማሳ ዳር የበቀለ ሳማ፣ ቢያምርም፣ አይለቀም። የአስፋልት ዳር ተክልም እንዲሁ ይተው። የአቃቂና የቀበና ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ከወጡ በኋላ የሚሸከሙትን ቆሻሻ የማያውቅ ስለሌለ፣ ከከተማው በታች ካለው የወንዝ ዳር ምንም ነገር አለመልቀም፣ ይልቁንም ወደ ምንጩ፣ ወደ ተራራው መውጣት ነው።

ክረምት እንጉዳይም ያበቅላል፤ በዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ አይልቀሙ። ሕዝባችን አብዛኛውን የዱር እንጉዳይ የጅብ ጥላ ብሎ መተዉ ያለ ምክንያት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት አብሮት ሲቀቀል ከጠቆረ መርዝ ነው፣ ካልጠቆረ ይበላል የሚባለው ፈተና ፈጽሞ አይሠራም፤ መቀቀልም ቢሆን ጉበት የሚያበላሸውን መርዝ አያጠፋውም። የዚህ መርዝ ክፋቱ ሕመሙ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ መጀመሩ ነው፤ ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ተኝቶ ያድራል። እንጉዳይ ያማረው ሰው በመደብር የሚሸጠውን ይግዛ።

መፀው ሲገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን አደይ አበባ ላይ ይጥላል፤ ለቃሚ ግን ወደ መሬት ማየት አለበት፣ ጦስኝ እግር ሥር ነውና። በእንጦጦ አናትና ከዚያ ወዲያ ባለው ብርዳማ ሣር መካከል ምንጣፍ ሆኖ ይበቅላል፤ ረግጠውት ሲያልፉ ሽታው ራሱ ያስቆማል። ይህም የአገራችን ብቻ የሆነ ተክል ነው፤ ስለዚህ ከነሥሩ መንቀል ነውር ነው እላለሁ። በመቀስ ከላይ ከላይ፣ ከአንድ ጉብታ ሢሶውን ብቻ ቆርጦ ማለፍ ይገባል። ጥላ ሥር በወንፊት ላይ ደርቆ በጠርሙስ ሲታሸግ ለሻይም ለሽሮም ይሆናል። በዚሁ ወቅት ሲንቀሳቀሱ ነጭ አበባ ያወጣ፣ ግንዱ በተቆለመመ እሾህ የተሸፈነ ቁጥቋጦ ካዩ ቀጋ ነው፤ ቦታውን በስልክዎ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

ቀጋ አገር በቀሉ የዱር ጽጌረዳችን ሲሆን፣ በበጋ ፍሬው ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ሲለሰልስ ይበላል። የሚበላው ሥጋው ብቻ ነው። በውስጡ ዘሩን የከበቡት ደቃቃ ፀጉሮች ጉሮሮን ይቧጥጣሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ችኩል ሆኜ አንድ እፍኝ እንዳለ አኝኬ ሌሊቱን ሙሉ ስስል አድሬአለሁ። ፍሬውን በስለት ለሁለት ይክፈሉት፤ በሻይ ማንኪያ ጀርባ ዘሩንና ፀጉሩን ጠርገው ያውጡ፤ ቀጥሎም በውኃ አጣጥበው አንዱን ግማሽ በጣት ዳብሰው ፀጉር አለመቅረቱን ያረጋግጡ። ጥሬውን መብላት ይቻላል፤ ከስኳር ጋር ቀቅሎ ማርማላታ ማድረግም ይቻላል።

እንጆሪ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ሳይጎትቱት በእጅ ላይ የሚወድቀው የበሰለ ነው፣ በዕለቱም መበላት አለበት።

አጋም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ያደላ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የሚበላው ፈጽሞ የጠቆረው ነው። እርሱን የሚመስል መረንዝ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሉም፣ ሽታው የሚያውድ አበባውም፣ ወተቱም፣ ክብ ፍሬውም ከአጋም ጋር ይቀራረባል። ከእንጨቱ ተቀቅሎ የሚወጣው ልብ የሚያቆም መርዝ በቀስት ጫፍ ሲቀባ የኖረ ነው። ልዩነታቸው እሾህ ነው፤ አጋም ጠንካራ እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። እሾህ ያልታየበት ቁጥቋጦ ላይ ያለ ፍሬ፣ እረኛው ይበላል ቢል እንኳ፣ አይነካ። ቢጫው የእንቧይ ፍሬ፣ የቁልቋል ወተትና እንዶድም እንዲሁ ይራቁ፤ ስለ እንዶድ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማስተዋላቸው ለልብስ ማጠቢያ እንጂ ለሆድ አለመሆኑን በቂ አድርጎ ያሳያል። አስተናግርስ ስሙ ይበቃዋል፤ የበላውን ያስቃዠዋል። ተሳስቶ የበላ ሰው ቢኖር የተክሉን ቅርንጫፍ ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በጋ ደን ውስጥ የሚዘልቁም ይኖራሉ። በወጨጫ ተዳፋት ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ጥዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት፣ የመንግሥት ጥብቅ ደን ስለሆነ ጥበቃውን ሳያስፈቅዱ አንዲት ፍሬ እንኳ አይቆረጥም። በገበሬ አጥርም ቢሆን ባለቤቱን ሰላም ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፈቃዱ ጋር የተሻለውን ቁጥቋጦ ያሳያል።

በልግ አጭርና እንደ ዝናቡ የሚለዋወጥ ነው። ልጆች የእምቧጮን ለጋ ግንድ ልጠው ሲያኝኩ የሚታዩበት ጊዜ ነው፤ ደስ የሚል ኮምጣጣ ነው፣ ነገር ግን ኮምጣጣነቱ ከኦክሳሊክ አሲድ ስለሚመጣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይተወው። ዝናቡ ሦስት አራት ቀን ከጣለ ሳማው እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህን ሁለተኛ ምርት ትኩሱን ከመብላት ይልቅ ማድረቁን እመርጣለሁ፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ተዘርግቶ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፍር ከሆነ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በደረቅ ብልቃጥ ይታሸጋል። ሁለት ማንኪያ ዱቄቱ ሽሮ ላይ ሲነሰነስ ወጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ እንግዳም ምን እንደሆነ ይጠይቃል።