ፈንግል ዶሮ ቤታችሁ ሲገባ

አምና ሰኔ ነው። ደሴ ጉም ለብሳለች፣ ዝናቡ ገና መግባቱ ነው። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ገብስማዋ አልወጣችም። ሌላ ቀን በሩ ሳይነካ ነው ጩኸቷ የሚሰማው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥግ ላይ ላባዋን ነፍታ ኩርምት ብላለች። ከስሯ ሰጋቱራው ላይ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ኩስ አለ። ብድግ ሳደርጋት አንገቷ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። ልታቀናው ትታገላለች፣ ተመልሶ ይዞርባታል። በ6 ቀን ውስጥ ከ14 ዶሮዬ 3 ቀሩኝ።

ያኔ የተሳሳትኩትን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ነገሩ ሲደርስባችሁ ቁጭ ብላችሁ የምታስቡበት ጊዜ የለም።

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ክንፍ መጣል፣ አንገት መጠማዘዝ፣ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ሦስት እየሆኑ መሞት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፈንግል ነው። ሐኪሞቹ ኒውካስል ይሉታል። ቫይረስ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እኔ ይሄን ስለማላውቅ ፌጦ ወቅጬ በሎሚ በጠበጥኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ፋርማሲ ሄጄ የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቼ እንክብሉን እየፈታሁ ውሃቸው ውስጥ በተንኩ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም አንዷን አፏን ከፍቼ በግድ ሳጠጣት ውሃው በመተንፈሻዋ ገብቶ እጄ ላይ ሞተችብኝ። እናቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ስለሆነ ፌጦውን አትንኩ አልልም፣ ግን እሱን ስትወቅጡ የሚያልፈው ሰዓት ለጤነኞቹ የሚያስፈልግ ሰዓት ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ያለ ሐኪም አትስጡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የታመመችውን ወዲያው ለዩ። ካርቶንም ቅርጫትም ይሁን፣ ከሌሎቹ ራቅ ያለ ቦታ፣ ነፋስ የማይመታት ጥግ አስቀምጧት። ጥሬና ውሃ ስትሰጡ ከጤነኞቹ ጀምሩ፣ የታመመችው መጨረሻ ላይ ትሁን፤ ከሷ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጫማችሁንም ቀይሩ። በሽታው በኩስ፣ በጫማ፣ በውሃ ዕቃ፣ በእንቁላል መያዣ ነው የሚዞረው። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ፤ ሰው ላይ ብዙ ባይጎዳም ዓይን ያቀላል። ልጆችንም ከዶሮ ቤቱ አርቁ። ከዚያ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። በአንድ ቀን ብዙ ዶሮ ባንዴ ካለቀባችሁ ደግሞ መደወሉን ለነገ አታሳድሩት፣ ከፈንግል የባሰም ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ስላለ፣ ባለሙያው ናሙና ይላክ ካለ እሺ በሉ። ስሙን በትክክል ማወቅ ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማችኋል።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት ወዳጄ «ሳያልቁብሽ ቶሎ አውጥተሽ ሽጫቸው» አለችኝ። ለክፋት ብላ አይደለም፣ ለኔ አዝና ነው። ብዙ ቤት የሚደረገውም እሱ ነው፤ የእንቁላል ብር ማለት ጨውና ቡና፣ የልጅ ደብተር ነው፣ ዝም ብሎ ሲያልቅ ማየት ያማል። ግን ከዚያ 10 ቀን በፊት ከገበያ አንድ ቀይ አውራ ገዝቼ የዚያኑ ዕለት ማታ ከነሱ ጋር ቆጥ ላይ አውጥቼው ነበር። ፈንግል ዶሮ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። የኔን ቤት ባዶ ያደረገው አንድ ሰው «ሳያልቅብኝ ልሽጠው» ያለው አውራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አትሽጡ፣ ለዘመድም አትስጡ። ጤነኛ የሚመስለውንም ቢሆን።

የሞተችውን ወንዝ ዳር አትጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ከጉልበት በላይ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ ቅበሩ፤ ኖራ ካለ ነስንሱበት፣ ካልሆነ አመድ። እኔ 11ዱንም ከጓሮው ጫፍ ቀበርኳቸው። ትንሿ ልጄ ገብስማዋን ራሷ ነበር ከጫጩትነቷ ያሳደገቻት፣ በሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ዝም ብዬ ከነሻሿ ቀበርኩላት። ለቅሶዋን «ዶሮ እኮ ናት» ብላችሁ አታቋርጡት፣ ይውጣላት። ጎረቤቴ ደግሞ ጀበናዋን ይዛ መጥታ «አብሽሪ ልጄ፣ ለናንተ የመጣውን ይዘውት ሄዱ» አለችኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሁሉ በሽታ ግን ፈንግል አይደለም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉ ጫጩቶች ተሰብስበው ሲያንቀላፉና ኩሳቸው ደም ሲቀላቅል ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት በሽታ ነው፣ ይሄኛው ይድናል። አምፕሮሊየም የሚባል በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት አለ፣ መጠኑን ባለሙያው ይነግራችኋል። የሚስፋፋው በእርጥብ ጉዝጓዝ ስለሆነ በደሴ ክረምት ሰጋቱራውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው፤ ባቲና ሐርቡ አካባቢ ያላችሁ ቆላ ስለሆነ በዚህ ታድላችኋል። ፊታቸው ላይ ኪንታሮት የመሰለ ቅርፊት ከወጣ ፈንጣጣ ነው። ዓይናቸው ተደፍኖ እንዳይራቡ በጨው ውሃ እየጠረጋችሁ ለስላሳ ምግብ አቅርቡላቸው፣ ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

ወደ ፈንግል ልመለስ። ሞቱ ሲቆም ቶሎ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ። እኔ ባዶውን ቆጥ ማየት ስላቃተኝ በሳምንቱ ልገዛ ነበር፣ ጎረቤቴ ናት የያዘችኝ። ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ቆጡንና ግድግዳውን በሳሙና እጠቡ፣ ኖራ ቀቡ፣ ፀሐይ ሲወጣ በሩን ከፍታችሁ አድርቁ። የተረፉት ዳኑ ብትሉም ለተወሰነ ጊዜ ቫይረሱን ያወጣሉ። ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አዲስ ዶሮ አይግባ። ሲገባም በትንሹ ጀምሩ፣ እኔ በ4 ቄብ ነው የጀመርኩት። አዲስ የመጣ ዶሮ ሁሉ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆያል። ለበዓል የተገዛ አውራም ቢሆን ቆጥ ላይ አይወጣም።

ከፈንግል የሚጠብቃቸው ክትባቱ ነው። ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ከአንድ እንቁላል ያንሳል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይቀመጥም። ለ5 ዶሮ ብሎ ሙሉ ብልቃጥ የሚከፍት የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ይተወዋል። እኛ ይሄን ቡና ላይ ነው የፈታነው። አቦሉ ሳያልቅ ማን ስንት ዶሮ እንዳለው ቆጠርን፣ 7 ቤት፣ 63 ዶሮ ወጣ። ብር አዋጣን። ክትባቱ ሙቀት ስለማይወድ በፔርሙዝ በበረዶ ይዘን መጣን። ባለሙያው ቤት ለቤት ዞሮ ዓይናቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ አደረገ፣ ከሰዓት በፊት አለቀ።

በውሃ የሚሰጠውን፣ ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት ከመረጣችሁ የቧንቧ ውሃ ተጠንቀቁ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የምንጭ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ ይሻላል። ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክላችሁ ስታቀርቡላቸው ወዲያው ይጨርሱታል።

ክትባቱ እስኪይዝ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ በሽታው ከገባ በኋላ ያልተያዙትን እንጂ የተያዙትን አያድንም። ስለዚህ ከክረምቱ በፊት፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ስጡ፣ በየ3 ወይም 4 ወሩ ድገሙት። በዓል ሲደርስ፣ ፋሲካም ይሁን ዒድ፣ ዶሮ ከገበያ ገበያ ስለሚዞር ከዚያ 3 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብታስከትቡ ጥሩ ነው።

ከተረፉት ከሦስቱ አንዷ እስካሁን አንገቷ ትንሽ ዘንበል ይላል። ጥሬዋን ስትለቅም አንዳንዴ ትስታለች፣ ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ለብቻዋ አደርግላታለሁ። እንቁላል መጣል ጀምራለች። ቀጣዩ የክትባት ተራችን መስከረም መጀመሪያ ነው፣ በረዶውን የማመጣው እኔ ነኝ።