ሙሉውን ጥቅል ሳይጭኑ የፕሪንተር ድራይቨር ብቻ ማስገባት

አንድ የዩኤስቢ ፕሪንተር እንዲያትም ዊንዶውስ የሚፈልገው አይኤንኤፍ የሚባለውን መመሪያ ፋይል፣ የፊርማ ፋይሉንና ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ ነው። አምራቾች ግን የፎቶ ማስተካከያ፣ የቀለም ማስታወቂያና ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የሚነሳ አፕዴተር ጨምረው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያስወርዱናል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ንጹህ ብክነት ነው።

መጀመሪያ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ «ቤዚክ ድራይቨር» የሚል ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ጥቅል በታች ይገኛል። ከሌለ ትልቁን አውርዱ፣ ግን አትጫኑት። የታመቁ ፋይሎችን በሚፈታው ሰቨን ዚፕ በሚባል ፕሮግራም ወደ አንድ ፎልደር ዘርግፉትና አይኤንኤፍ ፋይሎቹን በኖትፓድ ክፈቱ፤ የፕሪንተራችሁ ሞዴል ስም ያለበት የምትፈልጉት ነው። የስካነርና የፋክስም አብረው ስለሚመጡ እዚህ ላይ መቻኮል አያስፈልግም። ፋይሉን ለብቻው ቆርጣችሁ አታውጡ፤ ከፊርማው ከተለየ ዊንዶውስ አይቀበለውም።

ፕሪንተሩን ሰክታችሁ አብሩት። ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪንተር በማኑዋል መጨመሪያውን ክፈቱና ሎካል ፕሪንተር ምረጡ። ፖርት (ፕሪንተሩ የሚገናኝበትን መስመር) ሲጠይቅ ዩኤስቢ001 በሉት፤ ቁጥሩ 002 ወይም 003 ሊሆንም ይችላል። ቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው የድሮ ፕሪንተሮች መስመር የሆነው ኤልፒቲ1 ነው፤ እሱን ሳትቀይሩ ካለፋችሁ ድራይቨሩ በትክክል ይገባል፣ ወረቀት ግን አይወጣም፣ ሥራው ወረፋ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ «ሃቭ ዲስክ» ብላችሁ አይኤንኤፉን አሳዩት።

ሞዴሉ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ባለ 32 ቢት ድራይቨር ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እየሞከራችሁ እንዳይሆን አረጋግጡ። ስካነሩን ደግሞ በዲቫይስ ማኔጀር «አፕዴት ድራይቨር» ብላችሁ ያንኑ ፎልደር ጠቁሙት።