የጤና መድህን በሀዋሳ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ድንገት ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ቤተሰቡ የሚሯሯጠው ወደ ዘመድ፣ ወደ ዕቁብ ሰብሳቢና ወደ አበዳሪ ነው። ገጠር ያለው ወንድም በሬ ይሸጣል፤ ከተማ ያለው ባጃጁን ለሽያጭ ያቀርባል። በአገር ደረጃ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የተጀመረው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ይርጋለም አንዷ ስለነበረች ነገሩ ለሲዳማ እንግዳ አይደለም። ዛሬም ግን ካርዳቸውን ይዘው ከጤና ተቋም በር የሚመለሱ፣ ከፍለው ያልተጠቀሙበት፣ መብታቸው ሆኖ ሳለ ያልጠየቁ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

1. «ስታመም እመዘገባለሁ» ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጤነኛው ሰው «ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ሳልረግጥ ገንዘቤ ቀለጠ» ብሎ ያዝናል። እድርን እናስብ፤ «ዘንድሮ ከቤቴ ሰው ስላልሞተ ያዋጣሁት ይመለስልኝ» የሚል እድርተኛ አይተን አናውቅም። መድህኑም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። የብዙ ጤነኞች መዋጮ የጥቂት ሕሙማንን ወጪ ይሸፍናል። የሚመዘገቡት የታመሙት ብቻ ከሆኑ ግን ቋቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ቋቱ ሲደርቅ መዋጮው ይጨምራል፤ መዋጮው ሲጨምር ደግሞ ጤነኛው ጭራሽ ይሸሻል። በመጨረሻ የሚጎዳው ስኳርና ደም ግፊት ኖሮበት በየወሩ መድኃኒት የሚወስደው ጎረቤታችን ነው።

ለዚህም ሲባል ምዝገባውና እድሳቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደሉም። በአብዛኛው አካባቢ የሚካሄዱት አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት፣ በቀበሌ በኩል ነው። አዲስ አባል የሆነ ሰውም በከፈለ ማግስት ሕክምና ላያገኝ ይችላል፤ የመጠበቂያ ጊዜ አለና። እድሳቱን ያሳለፈ ነባር አባልም እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ቀበሌዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የዘንድሮው ምዝገባ መቼ ይዘጋል? ካርዱስ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ያገለግላል? መልሱን ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ያስቀምጡት። የመዋጮው መጠን ከከተማ ከተማ፣ እንደ ገቢ ደረጃም ስለሚለያይ ሻሸመኔ ያለ ዘመድ የነገረዎትን ይዘው አይሂዱ።

2. ቤተሰብን አጉድሎ ማስመዝገብ

አባልነቱ የቤተሰብ እንጂ የግለሰብ አይደለም። በመደበኛው መዋጮ የሚካተቱት ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻቸው ጋር ናቸው። አብረው የሚኖሩ ሌሎች ሰዎች፣ ለምሳሌ አሮጊት እናት፣ 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ወይም ከበንሳና ከአለታ ወንዶ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የሚያድር የእህት ልጅ፣ ተጨማሪ ተከፍሎላቸው ይመዘገባሉ።

ሀዋሳ ዘመድ የሚሰበሰብባት ከተማ ናት፤ አምስት ሆኖ የተመዘገበ ቤት ውስጥ ስምንት ሰው ሊያድር ይችላል። ብዙዎች ለአንድ ሰው የሚጨመረውን ትንሽ ገንዘብ ለማትረፍ ሲሉ አያትየዋን ይተዋሉ። ሆስፒታል የመተኛት ዕድሏ ከሁሉም የሰፋው ግን እሷው ናት። ሌላው የተለመደ ነገር በወንድም ካርድ ወንድምን ማሳከም ነው። ይህ ማጭበርበር ከመሆኑም በላይ አደጋ አለው፤ የአንዱ ሰው የሕመም ታሪክ በሌላው የሕክምና ካርድ ላይ ሲጻፍ ሐኪሙ የተሳሳተ መድኃኒት እንዲያዝ በር ይከፍታል።

ልጅ ሲወለድ፣ ትዳር ሲመሠረት ወይም የቤተሰብ አባል ሲሞት ለውጡን ለቀበሌው ያሳውቁ። ፎቶግራፍ የሚጠየቅ ከሆነ የሁሉንም አስቀድመው ያዘጋጁ። በአንድ ሰው ፎቶ መጉደል ምክንያት የመላው ቤተሰብ ካርድ ሲዘገይ አይቻለሁ።

3. ከቤት ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሪፈራል መሄድ

የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትልቅ ስለሆነ ልባችን ወደዚያ ያደላል። መድህኑ ግን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ እንደ አዳሬ ወዳለ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ይልካል፤ እዚያም ያልተቻለው ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ያልፋል። ይህን ሰንሰለት ዘሎ ያለ ሪፈር ወረቀት የሚሄድ አባል የወጪውን ትልቅ ድርሻ ከኪሱ ሊከፍል፣ ወይም ጨርሶ እንደ ማንኛውም ከፋይ ሊስተናገድ ይችላል።

ይህ አሠራር ድሃን ለማንገላታት የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚያገለግለው ሀዋሳን ብቻ አይደለም፤ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከምዕራብ አርሲ፣ ከጉጂ፣ ከወላይታ ሳይቀር ሰው ይመጣበታል። ለጉንፋን የተሰለፍን እንደሆነ ከሩቅ አገር በአምቡላንስ የመጣችውን ወላድ ወረፋ እየተሻማን ነው። ጉንፋኑን ጤና ጣቢያ ያክመዋል፤ ለመድህኑ ቋትም ወጪው ያነሰ ነው።

ሪፈር ሲጻፍልዎ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳይወጡ ወረቀቱን ያንብቡት። ስምዎ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል? ማህተም አለው? ቀን ተጽፎበታል? የተላኩበት ተቋምና ክፍል ተለይቶ ተጠቅሷል? «ወርቅነሽ» እና «ወርቅነህ» ተቀያይረው ሰው ከካርድ ክፍል መስኮት የተመለሰበት ጊዜ አለ። ለቀጠሮ ሲመለሱም የድሮው ሪፈር ያገለግል እንደሆነ፣ ወይም ማደስ ይኖርብዎ እንደሆነ ቀጠሮውን የሰጠዎትን ሰው እዚያው ይጠይቁ።

ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ሪፈር እያሰቡ ጊዜ አያባክኑ። ደም የሚፈሰው ሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ፣ ምጥ የጠናባት እናት በቅርብ ወደሚገኘው የድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ፤ ከቤተሰቡ አንዱ ካርዱን ይዞ ይከተል፤ አባል መሆንዎንም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይናገር። ከተከፈለ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ በጣም አድካሚ ነው።

4. ካርዱ የትም ቦታ የሚሠራ መምሰል

መድህኑ የሚከፍለው ውል ለገባቸው ተቋማት ነው፤ እነሱም በዋናነት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ናቸው። የግል ክሊኒክ ገብተው ደረሰኝ ቢያመጡ የሚተካልዎ የለም። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡም ውል መኖሩን ሳያረጋግጡ አይነሱ።

5. የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን አለማወቅ

ተመላላሽ ሕክምና፣ ተኝቶ መታከም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅና በተቋሙ ያለ መድኃኒት በአብዛኛው ይሸፈናሉ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ለመኪና አደጋ ሌላ ሕግ አለ፤ ለሦስተኛ ወገን የሚገባው የተሽከርካሪ መድን ለተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና ይከፍላል፤ ስለዚህ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የፖሊስ ማስረጃውን መያዝ ያስፈልጋል።

ካርድ ባይኖርም በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች እንዳሉም ማወቅ ይበጃል። የልጆች ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት፣ በጤና ጣቢያ የሚደረግ የወሊድ አገልግሎት ለማንም ሰው ነጻ ናቸው። መድህን የለኝም ብላ ቤት ውስጥ የምትወልድ እናት መኖር የለባትም።

6. «መድኃኒቱ የለም» ሲባል ዝም ብሎ መውጣት

የአባላት ምሬት ሁሉ እዚህ ላይ ይሰበሰባል፤ ምሬቱም እውነት ነው። ሰውዬው መዋጮውን ከፍሏል፣ ተሰልፏል፣ ተመርምሯል፤ በመጨረሻ የተሰጠው ውጭ ገዝቶ እንዲጠቀም የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው። ይህ የአባሉ ጥፋት አይደለም፤ ሊታገሰው ይገባል ብዬም አልመክርም።

ምክንያቱን ማወቅ ግን የት መጠየቅ እንዳለብን ያሳየናል። ጤና ተቋሙ አባሉን መጀመሪያ በራሱ ወጪ ያክማል፤ ሂሳቡን መድህኑ ኋላ ይከፍለዋል። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ተቋማት ከሕክምና የሚያገኙትን ገቢ ይዘው መድኃኒት እንዲገዙበት ተፈቅዷል። የመድህኑ ክፍያ ሲዘገይ ታዲያ መግዣው ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ኖሮ አቅርቦቱ ራሱ ይጎድላል። ሁለቱ ችግሮች መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና «የጎደለው ክፍያ ነው ወይስ አቅርቦት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። መጀመሪያ ሐኪሙን «እዚሁ የሚገኝ፣ ተመሳሳይ የሆነ መድኃኒት ይኖር ይሆን?» ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በንግድ ስሙ የታወቀው ሲሆን ያው መድኃኒት በሌላ ስም መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ቀጥሎ መድህኑ ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት ካለ ይጠይቁ። ከሌለም ፋርማሲው «የለም» የሚለውን ማዘዣው ላይ ጽፎ እንዲያትምልዎ ይጠይቁ፤ የገዙበትን ደረሰኝም ያስቀምጡ። ገንዘቡ ይመለስልዎታል ብዬ ቃል አልገባም። ነገር ግን የቀበሌው አባላት ስብሰባ ላይ ሃያ ማህተም ያለባቸው ማዘዣዎች ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደጠፋ የሚናገሩት በማስረጃ ነው። «ሁልጊዜ የለም ይሉናል» የሚለው አቤቱታ ግን ከአዳራሹ በር አያልፍም።

7. ደመወዝተኛ ሆኖ መድህኑ ይመለከተኛል ብሎ መዘናጋት

የማህበረሰብ አቀፉ መድህን የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የከተማ ነዋሪ ነው፤ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጠው፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ። ለመደበኛ ደመወዝተኛ በ2002 ዓ.ም. የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቷል፤ ተከትሎ የወጣው ደንብም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ደንግጓል። ትግበራው ግን ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። በዚህ ክፍተት ውስጥ የወደቁት በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዝተኛ ስለሆኑ አንዱ አያቅፋቸውም፣ ሌላው ዘገየባቸው። ይህ ክፍተት ቶሎ ሊዘጋ ይገባል፤ ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ወጣት ሴቶችን ያለ ከለላ ትቶ «መድህን ተስፋፋ» ማለት አይቻልም።

እስከዚያው ያላቸውን መብት ይወቁ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው። ፋብሪካው ክሊኒክ ካለው ወይም ከሆስፒታል ጋር ውል ከገባ ይህን በቅጥር ቀን ይጠይቁ።

8. ድህነትን ደብቆ ከነጻ ተጠቃሚነት መቅረት

መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። መረጣው የሚካሄደው በቀበሌ ደረጃ፣ ማህበረሰቡ በሚሳተፍበት መንገድ ነው። በኃፍረት ከስብሰባው የሚቀሩ፣ በተለይም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች፣ ስማቸው ሳይጠራ ያልፋል። ጎረቤት ከሆኑ ስማቸውን እርስዎ ያንሱላቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታቸውን ስለምታውቅ ምስክር ልትሆን ትችላለች። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሄደው ያንብቡ። አቅም ያለው ሰው ገብቶ ድሃው ከቀረ ቅሬታውን በጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ አድርገው ለቀበሌው ያስገቡ፤ የገቢ ቁጥር ተቀብለው ይውጡ፤ መልስ ከጠፋም በዚያው ቁጥር ወደ ክፍለ ከተማው የጤና መድህን ክፍል ይሂዱ።